የሴቶች የእኩልነት ትግል በውድድር ስፖርትና የሕክምናው ድርሻ

መግቢያ

ሴቶች በውድድር ስፖርት ከወንዶች ጋር እኩል ቦታ ለማግኘት ያደረጉት ትግል አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በሜዳሊያና በክብረ ወሰን ነው። ይህ ትግል ከሕክምና ሙያ ጋር ያለው ጥብቅ ቁርኝት ግን እምብዛም አይነሳም። ሴቶችን ከመሮጫ ሜዳ ለማራቅ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሲቀርቡ ከነበሩት ምክንያቶች አብዛኞቹ የሕክምና ካባ የለበሱ ነበሩ። በአንጻሩ እነዚህ ምክንያቶች መሠረት የለሽ መሆናቸውን ያረጋገጠውም ሳይንስ ነው። በመሆኑም የጤና ባለሙያው በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ተመልካች ሊሆን አይችልም፤ የታሪኩ አካል ነው፣ ዛሬም በእጁ ያለ ኃላፊነት አለ።

ይህ ጽሑፍ ሕክምናው በሴቶች የስፖርት ተሳትፎ ላይ የነበረውን ሚና፣ ኢትዮጵያውያት ሯጮች ያለፉበትን መንገድ፣ የሴት ስፖርተኞችን ዋና ዋና የጤና ችግሮች፣ እንዲሁም እንደ ዝቋላ ባሉ የዋግ ኽምራ ወረዳዎች የምታድግ አንዲት ልጅ ወደ ውድድር መነሻ መስመር ከመድረሷ በፊት የሚገጥሟትን እንቅፋቶች በቅደም ተከተል ያብራራል። ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕክምና የክልከላ ምክንያት በነበረበት ዘመን

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ ብዙ ሐኪሞች የሰው ልጅ የተወሰነ መጠን ያለው የሕይወት ኃይል ይዞ እንደሚወለድ ያምኑ ነበር። ሴት ይህን ኃይል በትምህርት ወይም በአካል እንቅስቃሴ ካባከነችው ለመውለድ የሚሆን አይተርፋትም ይባል ነበር። የሃርቫርዱ ሐኪም ኤድዋርድ ክላርክ በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የልጃገረዶች ከባድ ትምህርት የመራቢያ አካላቸውን እድገት ይጎዳል ሲል ጽፏል። ሩጫና ዝላይ ደግሞ ማሕፀንን ከቦታው ያናውጣል የሚለው አስተሳሰብ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽና ከዚያም በኋላ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ነበረው።

በ1896 በአቴንስ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ አንዲትም ሴት አልተወዳደረችም። በ1900 በፓሪስ ከተሳተፉት 997 ስፖርተኞች መካከል ሴቶቹ 22 ብቻ ነበሩ፤ የተወዳደሩትም እንደ ቴኒስና ጎልፍ ባሉ ለሴቶች ይመጥናሉ በተባሉ ስፖርቶች ነበር። በአትሌቲክስ በሩ እንደተዘጋ በመቆየቱ ፈረንሳዊቷ አሊስ ሚልያ በ1921 ዓለም አቀፍ የሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽን መሠረተች፤ በቀጣዩ ዓመትም በፓሪስ የሴቶች ብቻ የሆነ ዓለም አቀፍ ውድድር ተካሄደ። በዚህ ግፊት በ1928ቱ የአምስተርዳም ኦሎምፒክ ለሴቶች አምስት የአትሌቲክስ ውድድሮች ተፈቀዱ። ከእነዚህ አንዱ የ800 ሜትር ሩጫ ነበር።

በዚያ ውድድር ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ አሸነፈች። ለፍጻሜ የደረሱት ዘጠኙም ሴቶች ውድድሩን ጨርሰዋል። አንዳንዶቹ የመጨረሻውን መስመር ካለፉ በኋላ ደክሟቸው ሣር ላይ ቢያርፉ፣ ብዙ ጋዜጦች ሯጮቹ አንድ በአንድ እየወደቁ እንደቀሩ አድርገው ጻፉ። ይህንኑ ዘገባ ተከትሎ ከ200 ሜትር በላይ የሆነ የሴቶች ሩጫ ከኦሎምፒክ ተሰረዘ። 800 ሜትር የተመለሰው ከ32 ዓመት በኋላ በ1960 በሮም ነው። በአንጻሩ በ1908 በለንደን ማራቶን ጣሊያናዊው ዶራንዶ ፒየትሪ ደጋግሞ ሲወድቅና በሰው ድጋፍ ሲያጠናቅቅ ዓለም የጽናት ምሳሌ አድርጎ አወደሰው እንጂ፣ ወንዶች ማራቶን እንዳይሮጡ ይከልከሉ ያለ ኮሚቴ አልነበረም። አንድ ዓይነት የድካም ምልክት በወንድ ላይ ጀግንነት፣ በሴት ላይ ሕመም ተብሎ ተተረጎመ።

ከዚያ በኋላ የርቀቱ ገደብ የላላው ደረጃ በደረጃ ነው። 1500 ሜትር በ1972፣ 3000 ሜትርና ማራቶን በ1984፣ 10 ሺህ ሜትር በ1988፣ 5000 ሜትር በ1996፣ 3000 ሜትር መሰናክል በ2008 በሴቶች የኦሎምፒክ ውድድር ውስጥ ተካተዋል። ይህ የሆነው ሴቶች ፈቃድ ሳይጠብቁ ችሎታቸውን በተግባር በማሳየታቸው ነው። ቦቢ ጊብ በ1966 የቦስተንን ማራቶን ሳትመዘገብ ሮጣ ጨርሳለች። ካትሪን ስዊትዘር በ1967 በስሟ የመጀመሪያ ፊደላት ተመዝግባ ስትሮጥ ከአዘጋጆቹ አንዱ የደረት ቁጥሯን ሊነጥቃት ቢሞክርም እስከ መጨረሻው ዘልቃለች። ውድድሩ ሴቶችን በይፋ የተቀበለው በ1972 ነው።

በዚህ ዘመን ሁሉ የኢትዮጵያ ገጠር ሴት እንስራ ተሸክማ ቁልቁለትና አቀበት ስትወርድና ስትወጣ፣ የማገዶ ሸክም ጀርባዋ ላይ አስራ በቀን ብዙ ሰዓት ስትጓዝ ኖራለች። ይህ ማሕፀኗን ይጎዳል ብሎ የከለከለ አልነበረም። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ደግሞ ለረጅም ሰዓት ከባድ ሸክም መሸከምና የተራዘመ ምጥ ከማሕፀን መውጣት ጋር ግንኙነት እንዳላቸው አመልክቷል። ጎጂው ነገር ሳይከለከል ጤናማው ነገር መከልከሉ፣ ክልከላው ከሳይንስ ይልቅ ከልማድ የመነጨ እንደነበር ያስረዳል።

ኢትዮጵያውያት በኦሎምፒክ መድረክ

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1956 በሜልቦርን ሲሆን፣ ሴቶችን ያሰለፈችው ግን በ1980 በሞስኮ ነው። በ1984 የሎስ አንጀለስና በ1988 የሴኡል ውድድሮች አገሪቱ በፖለቲካ ምክንያት ባለመሳተፏ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ሴት ሯጮች በጥሩ ዕድሜያቸው መድረኩን አላገኙም።

በ1992 በባርሴሎና የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር በ31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድ አሸንፋ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን መዞራቸው ዛሬም ይታወሳል። በዚህ ድል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። የሴቶች 10 ሺህ ሜትር በኦሎምፒክ ሲካሄድ ያ ሁለተኛ ጊዜው ብቻ ነበር። ደራርቱ ከአሥር ዓመት በፊት ተወልዳ ቢሆን ኖሮ ችሎታዋ ምንም ያህል ቢሆን የምትወዳደርበት ርቀት ዘግይቶባት ነበር። በ1996 በአትላንታ ፋጡማ ሮባ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ05 ሰከንድ ያሸነፈችው ማራቶንም ለሴቶች ሲካሄድ ገና አራተኛው ነበር፤ እርሷም በዚህ ርቀት በኦሎምፒክ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ውጤት በሰፊው ይታወቃል። ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 በቤጂንግ 5000ና 10 ሺህ ሜትርን ጠቅልላ ወስዳለች። መሠረት ደፋር በ2004ና በ2012 የ5000 ሜትር ወርቅ አግኝታለች። ቲኪ ገላና በ2012 ማራቶንን፣ አልማዝ አያና በ2016 10 ሺህ ሜትርን በዓለም ክብረ ወሰን አሸንፈዋል። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመጨረስ በወቅቱ የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሽላለች። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ለሴቶችና ለወንዶች እኩል የተሳትፎ ኮታ የተመደበ ሲሆን፣ በመጨረሻው ቀን የተካሄደውም በልማድ እንደነበረው የወንዶች ሳይሆን የሴቶች ማራቶን ነው።

ይሁን እንጂ በተሳታፊ ቁጥር መተካከል የትግሉ ፍጻሜ አይደለም። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ከተገኙት አሠልጣኞች መካከል ሴቶቹ 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። የስፖርት ሕክምና ምርምርም ቢሆን በአመዛኙ በወንዶች ላይ የተመሠረተ ነው። በ2021 የወጣ አንድ የዳሰሳ ጥናት፣ በስፖርት ሳይንስ ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች ሴቶቹ ሲሦ ያህል ብቻ እንደሆኑና በሴቶች ላይ ብቻ ያተኮሩት ጥናቶች 6 በመቶ ገደማ እንደሆኑ አሳይቷል። ይህም ማለት ሐኪሙ ለሴት ስፖርተኛ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ከወንድ አካል የተቀዳ ነው ማለት ነው።

የአካል ልዩነትና የጾታ ማረጋገጫ ምርመራ

ከጉርምስና በኋላ በወንዶችና በሴቶች መካከል በሄሞግሎቢን መጠን፣ በጡንቻ ብዛት፣ በልብና በሳንባ ስፋት እንዲሁም በስብ ክምችት ልዩነት እንደሚፈጠር የታወቀ ነው። ለዚህም ዋናው ምክንያት ቴስቶስትሮን ሲሆን፣ በሩጫ በከፍተኛ ደረጃ ላይ ባሉ ወንዶችና ሴቶች መካከል ያለው የውጤት ልዩነት ከ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ ነው። የሴቶች ውድድር ራሱን የቻለ ምድብ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱ ግን ሴት ረጅም ርቀት መሮጥ አትችልም፣ ወይም ሩጫ ይጎዳታል ለሚለው ድምዳሜ ማስረጃ አይሆንም።

የተለየ ምድብ መኖሩ ሌላ ጥያቄ አስከተለ፤ በዚህ ምድብ የመወዳደር መብት ያላት ማን ናት? የሚል ነው። በ1966 በቡዳፔስት በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና ሴት ስፖርተኞች ልብሳቸውን አውልቀው በሐኪሞች ፊት እንዲያልፉ ተደርጓል። ከ1968 የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ጀምሮ ደግሞ ከጉንጭ ውስጥ በሚወሰድ ናሙና የክሮሞሶም ምርመራ ተተካ። ስፔናዊቷ የመሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ በ1985 በዚህ ምርመራ ምክንያት ከውድድር ታግዳለች። ሰውነቷ ለቴስቶስትሮን ፈጽሞ ምላሽ የማይሰጥ በመሆኑ ምንም ዓይነት ብልጫ እንደሌላት በሳይንስ ከተብራራ በኋላ በ1988 እግዱ ተነሥቷል። በ1996 በአትላንታ ከተመረመሩት 3,387 ሴቶች ስምንቱ የተለየ ውጤት ቢያሳዩም ሁሉም እንዲወዳደሩ ተፈቅዶላቸዋል። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴም የጅምላ ምርመራውን በ1999 አቁሟል።

ክርክሩ ግን አልበረደም። የደቡብ አፍሪካዊቷ የካስተር ሴመንያ ጉዳይ በ2019 በዓለም አቀፉ የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ታይቶ በእርሷ ላይ ተወስኗል። በሐምሌ ወር 2025 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ፍትሐዊ የመዳኘት መብቷ እንደተጣሰ ወስኗል። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በበኩሉ ከመስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ በሴቶች ምድብ የሚወዳደሩ ሁሉ በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ የሚደረግ የዘረ መል ምርመራ እንዲያደርጉ ደንግጓል። ደንቡን የሚደግፉት የሴቶችን ምድብ ፍትሐዊነት ይጠብቃል ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ ሴት ሆና የተወለደችና ያደገች ሰውን ግላዊ ሚስጥር ለሐሜት ያጋልጣል፣ በጤናዋም ላይ አላስፈላጊ ሕክምና ሊያስከትል ይችላል ይላሉ።

ለሐኪሙ የሚቀረው ተግባር ከክርክሩ ውጤት በላይ ነው። ናሙና የሚሰጡት ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ስለ ክሮሞሶም የሰሙት በዚያች ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። የምርመራው ዓላማና ሊያስከትል የሚችለው ውጤት በሚገባቸው ቋንቋ ሳይብራራ የሚወሰድ ፈቃድ ፈቃድ ሊባል አይችልም። ያልተጠበቀ ውጤት ሲገኝ ውጤቱን የማወቅ መብት በቅድሚያ የባለቤቷ እንጂ የአሠልጣኟ ወይም የወኪሏ አይደለም። የምክር አገልግሎትና የሆርሞን ስፔሻሊስት ክትትልም አብሮ ሊዘጋጅላት ይገባል።

የኃይል እጥረት፣ የወር አበባና የአጥንት ጤንነት

የሴት ስፖርተኞችን ጤና በተመለከተ ካለፉት አራት አሥርት ዓመታት ዋና ግኝቶች አንዱ፣ የወር አበባ መቋረጥ የጠንካራ ልምምድ ምልክት ሳይሆን የአደጋ ደወል መሆኑ ነው። በ1992 የአሜሪካ ባለሙያዎች የሴት ስፖርተኞች ሦስትዮሽ ችግር የሚል ስያሜ የሰጡት የአመጋገብ ጉድለት፣ የወር አበባ መቋረጥና የአጥንት መሳሳት በአንድነት የሚታዩበትን ሁኔታ ነው። በ2014 የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች ጽንሰ ሐሳቡን በማስፋት፣ የኃይል እጥረቱ የልብን፣ የምግብ መፍጫን፣ የበሽታ መከላከያንና የአእምሮን ጤና ጭምር እንደሚነካ፣ ወንዶችንም እንደሚያጠቃ ገልጸዋል።

የችግሩ አሠራር ቀላል ስሌት ነው። ከተመገቡት ኃይል ላይ ለልምምድ የዋለው ሲቀነስ የሚተርፈው ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለሆርሞኖችና ለአጥንት ሥራ ይውላል። ከስብ ውጪ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በቀን 45 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲተርፍ ሰውነት በአግባቡ ይሠራል፤ ከ30 በታች ሲወርድ ግን በብዙ ሴቶች ላይ የሆርሞን መዛባት ይጀምራል። ለምሳሌ ከስብ ውጪ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰውነት ያላት ሯጭ በልምምድ 800 ኪሎ ካሎሪ ካቃጠለች፣ ጤናማ ለመሆን በቀን 2,600 ኪሎ ካሎሪ ያህል መመገብ ይኖርባታል። 1,900 ብቻ ከተመገበች የሚተርፋት ለኪሎ ግራም 27.5 ነው። ይህች ልጅ አልተራበችም፤ በቀን ሦስት ጊዜ በልታ ሊሆን ይችላል። ሰውነቷ ግን በረሃብ ላይ እንዳለ ቆጥሮ መራባትን ያቆማል።

የኤስትሮጅን መጠን ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል። ከጠቅላላው የአጥንት ክምችት አብዛኛው የሚገነባው በጉርምስናና በወጣትነት ዕድሜ በመሆኑ፣ በ17 ዓመት የጠፋው በ30 ዓመት ሙሉ በሙሉ ላይተካ ይችላል። በቅልጥም ወይም በእግር ጣቶች አካባቢ ተደጋጋሚ የአጥንት ስንጥቅ የገጠማት ሯጭ ስለ ወር አበባዋና ስለ ምግቧ ሳትጠየቅ ፕላስተርና ማስታገሻ ብቻ ተሰጥቷት ከተሸኘች፣ ሕክምናው ምልክቱን እንጂ ምክንያቱን አልነካም።

በኢትዮጵያ ሁኔታ የጾም ወቅት በልዩ ትኩረት ሊታይ ይገባል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት የጾም ቀናት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ይሸፍናሉ። እምነቷን የምታከብር ሯጭ ጾሟን እንድታቋርጥ መወትወት የባለሙያው ሥራ አይደለም። ይልቁንም የልምምድ ሰዓት ከምግብ ሰዓት ጋር የሚገጥምበትን መንገድ ማመቻቸት፣ ከተፈታ በኋላ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ኑግ፣ ተልባና ሰሊጥ በመጠን ከፍ ብለው እንዲቀርቡ ማድረግ፣ ከበድ ያለ ልምምድን ማሸጋሸግ ይቻላል።

ደም ማነስና የደጋው አየር

የብረት እጥረት በሴት ሯጮች ዘንድ በእጅጉ የተለመደ ነው። በወር አበባ ደም፣ በላብና ረጅም ርቀት ሲሮጥ በእግር መርገጥ ግፊት በሚፈርሱ ቀይ የደም ሴሎች አማካይነት ብረት ይጠፋል። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶ የሚሆኑት ደም ማነስ እንዳለባቸው ታውቋል። ደም ማነስ ላይ ከመድረሱ በፊትም የብረት ክምችት መሟጠጥ በራሱ ጉልበትን ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሚቻልበት ቦታ ከሄሞግሎቢን ጋር ፌሪቲንን መመርመር ይመከራል።

ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቦታ ለሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መለኪያ እንደ ከፍታው ተስተካክሎ እንዲነበብ የዓለም ጤና ድርጅት ያዛል። ነገር ግን በ2002 የታተመና በሰሜን ተራሮች በአምባራስ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ 236 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አስገራሚ ውጤት አስመዝግቧል። የሴቶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.0፣ የወንዶቹ 15.9 ግራም በዴሲሊትር ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ ይህም በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች መጠን ጋር ተቀራራቢ ነው። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ከፍታውን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸውን በእጅጉ በመጨመር እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ ለሁሉም የተዘጋጀውን የከፍታ ማስተካከያ በኢትዮጵያ ደገኛ ሴት ላይ እንዳለ መጫን ጤነኛዋን ታማሚ ሊያስብል ስለሚችል፣ ውጤቱ ከፌሪቲንና ከክሊኒካዊ ምልክቶች ጋር ተገናዝቦ ሊነበብ ይገባል። የብረት መርፌን ያለ ምርመራ ለጉልበት ማበርቻነት መስጠት ደግሞ ጉዳት ያለው ድርጊት ነው።

እርግዝናና ከወሊድ በኋላ ወደ ውድድር መመለስ

ለረጅም ጊዜ ልጅ መውለድ የሴት ስፖርተኛ ዘመን ማብቂያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ደራርቱ ቱሉ በ1998 ወልዳ በ2000 በሲድኒ የ10 ሺህ ሜትር ወርቋን በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ አስመልሳለች። ጥሩነሽ ዲባባም በ2015 ወልዳ በ2016 በሪዮ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝታለች። እነዚህ ምሳሌዎች እናትነትና ከፍተኛ ውጤት እንደማይጋጩ ያረጋግጣሉ። የገንዘብ ዋስትናው ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። አሜሪካዊቷ አሊሰን ፊሊክስ በ2019 በይፋ ቅሬታዋን እስካሰማች ድረስ አንዳንድ ትላልቅ የስፖርት ትጥቅ ኩባንያዎች በእርግዝና ወቅት ክፍያ ከመቀነስ የሚከለክል ግልጽ ውል አልነበራቸውም።

ከሕክምና አንጻር፣ ያልተወሳሰበ እርግዝና ያላት ሴት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንድታደርግ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ከወሊድ በኋላ ወደ ሩጫ ለመመለስ በ2019 በብሪታንያ ባለሙያዎች የቀረበው መመሪያ ቢያንስ 12 ሳምንት መጠበቅንና የዳሌ ወለል ጡንቻዎች መጠናከራቸውን ማረጋገጥን ይጠይቃል። በሩጫ ጊዜ ሽንት ማምለጥ፣ በብልት አካባቢ የክብደት ስሜት ወይም የደም መፍሰስ ካለ ልምምዱ ቆሞ ምርመራ ያስፈልጋል። የምታጠባ ሯጭ ተጨማሪ ምግብ ካላገኘች ደግሞ ከላይ የተገለጸው የኃይል እጥረት በፍጥነት ይደርስባታል።

ከመነሻው መስመር በፊት፦ የዋግ ኽምራ ልጆች

የዋግ ኽምራ ዞን ማዕከል የሆነችው ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዝቋላ ደግሞ ወደ ተከዜ እየወረደች የምትሄድ፣ ሙቀትና የዝናብ እጥረት የሚያጠቃት ወረዳ ናት። የአካባቢው ልጆች ገደልና ዳገት መውጣት የለመዱ፣ በእግር ረጅም መንገድ የሚጓዙ ናቸው። በነሐሴ ወር አጋማሽ በሚከበረው የሻደይ በዓል ልጃገረዶች በቡድን ሆነው አደባባዩን ሲሞሉት የሚታየው ብርታትና ቅልጥፍና ስፖርት የሚፈልገው ዓይነት ነው። ይሁን እንጂ ብርታት ብቻውን ሯጭ አያደርግም።

የመጀመሪያው እንቅፋት ምግብ ነው። በ2016ቱ ዳሰሳ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ሲሆኑ፣ ይህም በወቅቱ ከአገሪቱ ክልሎች ከፍተኛው ነበር። የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። መንግሥት በሐምሌ ወር 2015 ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 ለማስወገድ የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን መባሉ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች መጀመሩ አካባቢው ያለበትን ሁኔታ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ከ2020 እስከ 2022 የነበረው ጦርነትና በ2023 የተከሰተው ድርቅ ሸክሙን አክብደውታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተቀነጨረች ልጅ በኋላ በሚሰጥ ሥልጠና ሙሉ በሙሉ አትካስም። ቁመቷ አጭር ሆኖ የዳሌ አጥንቷ ሲጠብም በወሊድ ጊዜ ለተጓተተ ምጥ፣ ከዚያም ለፊስቱላ የመጋለጥ ዕድሏ ይጨምራል።

ሁለተኛው እንቅፋት ያለዕድሜ ጋብቻ ነው። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታዎች 18 ዓመት ቢያደርገውም፣ በ2016ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያት ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነበር። አንዲት ሯጭ ችሎታዋ የሚታወቀው በአብዛኛው ከ14 እስከ 18 ዓመት ባለው ጊዜ በትምህርት ቤት ውድድር ነው። በዚህ ዕድሜ ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ከአሠልጣኝ ዓይንም ትወጣለች። ሦስተኛው እንቅፋት የጊዜና የንጽሕና ጉዳይ ነው። ወንድሟ ከትምህርት መልስ ኳስ ሲጫወት እርሷ ውኃ ትቀዳለች፤ በትምህርት ቤት ውኃና የንጽሕና መጠበቂያ በሌለበትም በወር አበባ ቀናት ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ትቀራለች። በተከዜ ዳር ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ወባ ሲጨመርበት ደም ማነሱ ይብሳል።

እነዚህ እንቅፋቶች በኦሎምፒክ ደንብ ውስጥ አልተጻፉም። ሆኖም የ800 ሜትር ክልከላው በዘመኑ የነበሩትን ሴቶች እንዳገደ ሁሉ የዛሬዎቹን ልጆች ያግዳሉ። የማይታወቁና የማይቆጠሩ በመሆናቸው ደግሞ ተቃውሞ አይነሣባቸውም።

ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው

አብዛኞቹ ተግባራት ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚከተሉት ሊከናወኑ ይችላሉ።

1. ስፖርት ለምትሠራ ወጣት ሁሉ ስለ ወር አበባዋ መጠየቅ። እስከ 15 ዓመት ድረስ ያልጀመራት ወይም ከሦስት ወር በላይ የተቋረጠባት ልጅ፣ እርግዝና አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ለተጨማሪ ምርመራ ልትላክ ይገባል።

2. ክብደትን በየጊዜው መመዝገብና የምግብን መጠን ከልምምዱ ጋር ማነጻጸር። ክብደት ቀንሺ የሚለው የአሠልጣኝ ትእዛዝ ያለ ባለሙያ ምክር ተግባራዊ እንዳይሆን ማስረዳት።

3. ደም ማነስን መመርመር፣ የአንጀት ጥገኛ ትላትልንና ወባን ማከም፣ ብረት በሐኪም ትእዛዝ መስጠት፣ ቡናና ሻይ ከምግብና ከብረት ክኒን ጋር በአንድ ጊዜ እንዳይወሰዱ መምከር።

4. ተደጋጋሚ የአጥንት ሕመም ያላትን ሯጭ በማስታገሻ ብቻ አለመሸኘት።

5. ከአሠልጣኝ፣ ከወኪል ወይም ከባል የሚደርስ ጥቃት መኖሩን በግል ክፍል፣ ሌላ ሰው በሌለበት መጠየቅ። በምሥራቅ አፍሪካ የኬንያዋ አግነስ ቲሮፕ በ2021፣ የኡጋንዳዋ ሬቤካ ቼፕቴጌ በ2024 መገደላቸው ጥያቄው ለይስሙላ የሚቀርብ እንዳልሆነ ያሳያል።

6. የስፖርተኛዋን የሕክምና ሚስጥር ከክለብና ከፌዴሬሽን ጥያቄ ጭምር መጠበቅ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በትምህርት ቤቶች ስለ ወር አበባ፣ ስለ ምግብና ስለ ጋብቻ ዕድሜ በሚሰጡት ትምህርት ውስጥ የሴቶችን ስፖርት እንደ አንድ የጤና ጉዳይ ቢያነሡት ወላጆችን ለማሳመን ይረዳል። ሩጫ ልጃቸውን መካን እንደማያደርጋት ከጤና ባለሙያ አፍ የሰሙ አባትና እናት ለመፍቀድ አይቸገሩም።

ማጠቃለያ

በ1928 በአምስተርዳም ሴቶቹ ሮጠው ሲጨርሱ የደረሰባቸው ፍርድ የተላለፈው ስለ ሰውነታቸው ምንም ሳይመረመር ነበር። ፍርዱን ለመሻር 32 ዓመት ወስዷል። ዛሬ ስለ ሴት ስፖርተኛ ሰውነት ብዙ ይታወቃል፤ ልምምድ በራሱ መራባትን እንደማይጎዳ፣ የሚጎዳው ከልምምድ ጋር ያልተመጣጠነ ምግብ እንደሆነ፣ ደም ማነስ እንደሚታከም፣ እናት የሆነች ሴት እንደገና ማሸነፍ እንደምትችል ተረጋግጧል። የቀረው ይህ ዕውቀት በቆጂና አዲስ አበባ ላይ ሳይቆም ሰቆጣና ዝቋላ እንዲደርስ ማድረግ ነው። በዚያ ያለች ልጅ ሯጭ ትሁን አትሁን የምትወስነው እርሷ ናት። ደሟ የተሟላ፣ አጥንቷ የጠና፣ ጋብቻዋ በዕድሜዋና በፈቃዷ የሆነ ሆና ለመወሰን እንድትበቃ ማገዝ ግን የሕክምና ሙያው ድርሻ ነው።